ብልቃጡ ገሱባ የደረሰ ዕለት

ወላይታ ድቻ ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ያሰናበተበት ዓመት ነበር። ሶዶ ከዚያ ደስታ ሳትበርድ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ ከወደ ኦፋ ወረዳ መጥፎ ወሬ መጣ። ሰው በድንገት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ደም ያስመልሰዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ቤተሰብ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይወስደዋል። ጤና ጣቢያ የደረሰውን ደግሞ እኛ በወባ እንጠረጥረዋለን፤ የደም ምርመራው ወባ የለበትም ይላል።

ያን ጊዜ በወላይታ ዞን የክትባት ሥራ ላይ የተሰማራሁ ነርስ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ቡናዬን እየጠጣሁ ጋዜጣ አነባለሁ። የታማሚዎቹ ደም ሴኔጋል፣ ዳካር እስከሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት ድረስ ተልኮ ነበርና መልሱ ሲመጣ ቢጫ ወባ ሆኖ ተገኘ። በወረርሽኙ የተጠረጠሩት 35 ሰዎች ሲሆኑ ከእነርሱ 10ሩ ሞተዋል።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ላይ ክትባቱ ኦፋ ገባ። ያን ቀን በወረዳው ከተማ ገሱባ ላይ ያየሁትን ሰልፍ እስካሁን አልረሳውም። ሴቶች ሕፃናት አዝለው፣ ወንዶች ከእርሻ ቀጥታ ጭቃ እንደ ረገጡ፣ ተማሪዎች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። አንድ አዛውንት ወረፋቸው ሲደርስ በጨርቅ የቋጠሩትን ብር መፍታት ጀመሩ፤ «አባባ፣ በነፃ ነው» ስላቸው ቋጠሮውን ሳይጨርሱ ትንሽ አመኑኝ፣ ትንሽ ተጠራጠሩኝ።

የቢጫ ወባ ክትባት ዱቄት ነው። በማሟሟያው ይበጠበጣል፤ አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ይበቃል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የቀረው ይጣላል። ስለዚህ ክትባት ሰጪ ሁሌም በልቡ ሰው ይቆጥራል። ብልቃጡን ብከፍተው አሥር ሰው አገኛለሁ ወይ ነው ጭንቀቱ። ገሱባ ላይ ያ ጭንቀት አልነበረም። ብልቃጡ ተከፍቶ ሳይሞቅ ያልቅ ነበር፤ የሚያስቸግረን የበረዶ ማቀዝቀዣው ሳጥን ባዶ መሆኑ ነበር።

በሦስት ዓመቱ እዚያው ወረዳ፣ በአንድ ጤና ኬላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የኮሮና ክትባት የሚፈልግ ሰው ስጠብቅ ዋልኩ። እስከ እኩለ ቀን የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አብራኝ የነበረችው ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብልቃጡን በእጇ ይዛ «ጋሼ፣ ልክፈተው ወይስ ይመለሱ?» አለችኝ። ከፈትነው። የቀረውን ደፋነው። ያን ማታ ሪፖርት ስንሞላ፣ የሽፋኑ ማነስ ምክንያት በሚለው ክፍት ቦታ ላይ እንዳለፈው ሳምንት ሁሉ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ብለን ጻፍን።

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ያን ዓረፍተ ነገር ለማረም ነው። በሥራ ዘመኔ ከፈረምኩባቸው ወረቀቶች ሁሉ የማፍርበት እርሱ ነው። ያው ሕዝብ ነው፤ ያው ቀበሌ ነው፤ እንዲያውም ያው እጅ ነው መርፌውን የያዘው። በ2011 ዓ.ም. ግንዛቤ የነበረው ሰው በ2014 ዓ.ም. ከየት መጥቶ ግንዛቤ ያጣል? የተለወጠው ክትባቱ የመጣበት ጊዜ ነው።

ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን መግባቱ ሲነገር ሶዶ ደንግጣ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ተደረደረ። «ሳሮ» ብሎ እጅ መያያዝ ቀርቶ በክርን መነካካት መጣ፤ ለቅሶ ቤት ራቅ ራቅ ብሎ መቀመጥ የመሰለ ለወላይታ ሰው የማይሆን ነገር ሁሉ ተሞከረ። ሕዝቡ ክትባት የፈለገው ያኔ ነው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል። ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር የ90 ዓመቷ ማርጋሬት ኪናን ስትከተብ ቡና ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን አየናት። ቤቱ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ፤ ክትባት ማለት እኔ ነኛ። «ቀጥሎ ወደ እኛ ነው» አልኩ። ዋሸሁ እንዳልል፣ እውነትም መስሎኝ ነበር።

መስሎኝ የነበረው ኮቫክስ የሚባል ነገር ስለነበረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ጋቪ፣ ሴፒና ዩኒሴፍ ሆነው ያቋቋሙት የጋራ ቋት ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም ከአንድ ቋት ይቀዳል፣ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 2 ቢሊዮን ዶዝ ይታደላል ተባለ። ሀብታሞቹ ግን ቋቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ፋብሪካው በር ላይ ውል ተፈራርመው ጨርሰዋል። ካናዳ ብቻዋን ሕዝቧን ደጋግሞ ለመክተብ የሚበቃ ውል ነበራት። ጥር 2013 ዓ.ም. ላይ ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ቁጥሩን በአደባባይ ተናገሩ፤ ቢያንስ በ49 ሀብታም አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ሲሰጥ፣ ከድሃዎቹ በአንዷ አገር የተሰጠው 25 ዶዝ ነበር። ሃያ አምስት! እኔ ገሱባ ላይ ከሦስት ብልቃጥ የማወጣው ነው። ዋጋውም ቢሆን እኩል አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ለአስትራዜኔካ ክትባት በአንድ ዶዝ 5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ስትጠየቅ የአውሮፓ ኅብረት ከዚያ ግማሽ በታች ይከፍል ነበር።

ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጭነት ቦሌ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ አስትራዜኔካ፣ ህንድ አገር በሴረም ኢንስቲትዩት የተመረተ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ነው እንግዲህ፣ ያውም ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ። መጋቢት 4 ቀን፣ በሽታው በገባ ልክ በዓመቱ፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ላይ ክትባቱ ተጀመረ። እኛ የጤና ሠራተኞች ቅድሚያ ተሰጠን። የመጀመሪያውን ተወጋሁ፣ ለሁለተኛው ቀጠሮ ተጻፈልኝ። በዚያው ወር አጋማሽ ላይ ህንድ በራሷ ወረርሽኝ ተወጥራ ክትባት ወደ ውጭ መላክ አቆመች።

ህንድን አልወቅስም። ቤቱ እየተቃጠለ ለጎረቤት ውሃ የሚያቀብል የለም። የምወቅሰው ያን ሁሉ ድሃ አገር በአንድ ፋብሪካ በር ላይ ያሰለፈውን አሠራር ነው። ህንድና ደቡብ አፍሪካ እኮ ገና በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ ለጊዜው ይነሣና ሌላውም ያምርት ብለው ለዓለም ንግድ ድርጅት አመልክተው ነበር። የተሸራረፈ ውሳኔ የተሰጠው በሰኔ 2022 ነው፤ ሃያ ወር አለፈ። በዚያ ሃያ ወር ውስጥ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ መጥቶ አልፏል።

ከዚያ ደግሞ ክትባቱ በአንድ ጊዜ ጎረፈ። ሀብታሞቹ የተረፋቸውን ማከፋፈል ጀመሩ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ ከ12 ዓመት በላይ ያለ ሁሉ ይከተብ ተብሎ አገር አቀፍ ዘመቻ ታወጀ። የመጣውን ሣጥን ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው የማብቂያ ቀኑን ነበር። ወተት ሊበላሽ ሲል ለጎረቤት እንደሚሰጥ ዓይነት ልግስና! ይህ የእኔ ሐሜት ብቻ አይደለም፤ ዩኒሴፍ እንደተናገረው፣ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ድሃ አገሮች ከ100 ሚሊዮን በላይ ዶዝ አንቀበልም ብለው መልሰዋል፣ ዋናው ምክንያትም የቀረው ዕድሜ ማጠሩ ነው። ናይጄሪያ በዚያው ወር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶዝ ቆፍራ ቀበረች። ወደ እኛ ሲደርስ መመሪያው «ቀኑ ሳያልፍ ጨርሱት» ሆነ። ክትባት ሰጪው ከበሽታው ጋር መሽቀዳደሙን ትቶ ከካላንደሩ ጋር ገጠመ። ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ስትጣደፍበት ያይሃል።

እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ ዘንድ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ አልፏል። ብዙው ሰው ጉንፋን መሰለኝ ብሎ ታሞ ድኗል። ያለቀሰም አልቅሶ ጨርሷል። ጦርነት አለ፣ ዘይት ተወዷል፣ ሁምቦ ቆላው ላይ ወባ እንደ ድሮው ያዳፋል። አንዲት እናት በራቸውን ስናንኳኳ ወጥተው ያሉኝን ልንገራችሁ፦ «ልጄ በወባ ሲነድ መኪናችሁ አልመጣም። ዛሬ ላልታመመ ሰው መርፌ ይዛችሁ ቤት ለቤት ትዞራላችሁ። ለማን ብላችሁ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ሪፖርቱ ላይ ግን እኚህ ሴት «ግንዛቤ የሌላቸው» ሆነው ተቆጠሩ።

አሉባልታ አልነበረም አልልም። ያመክናል ተብሏል። የአውሬው ምልክት ነው ብለው ከመድረክ የሰበኩም ነበሩ። ግን በ2011 ዓ.ም. እነዚያው የጸሎት ቤቶች ናቸው «ነገ ገሱባ ክትባት አለ፣ ማንም እንዳይቀር» ብለው ያስነገሩልን። ወሬ ባዶ ቤት ይወዳል። ክትባቱ በዘገየባቸው ወራት ቤቱን ባዶ ትተንለት ገባበት፣ ስንመጣ ጊዜ ባለቤት ሆኖ ጠበቀን።

ለመሆኑ ቢጫ ወባው ለምን በጊዜ ደረሰ? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

አባቴ በበቅሎ ነጋዴ ነበር፤ ኦሞን ተሻግሮ ኩሎ ድረስ ጨው ይወስዳል። በልጅነቴ «ኦሞ ሰው የበላበት ጊዜ» እያለ ያወራ ነበር፤ ውሃው አዞ ስላለበት ይመስለኝ ነበር። ነርስ ከሆንኩ በኋላ አንብቤ ነው የገባኝ። በ1960 እና በ1962 እ.ኤ.አ. መካከል በኦሞና በደዴሳ ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ገብቶ ወደ 100 ሺህ ሰው ታሟል፣ 30 ሺህ ያህሉ ሞቷል ተብሎ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው የት እንደሆነ ሳነብማ ቀና ብዬ ጓሮዬን አየሁ፤ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በምትጠራቀመው ውሃ ነው። ጓሯችን ውስጥ ያ ውሃ የሌለበት ቤት ወላይታ ላይ የለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀድሞ ያልተከተበው የአርባ ምንጭ አካባቢ ተመትቶ ወደ 450 ሰው ሞተ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የቢጫ ወባ ክትባት የተሠራው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ኦሞ ዳር ያ ሁሉ ሰው ሲረግፍ ክትባቱ የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። የሠራውም ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ማክስ ታይለር ነው፤ በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የተሠራበት ቫይረስ ደግሞ በ1927 በዛሬዋ ጋና ከአንድ ታማሚ ደም የተወሰደ ነው፤ ሰውየው አሲቢ ይባላል፣ ቫይረሱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ደሙ ከአፍሪካ፣ ክትባቱ ኒውዮርክ፣ ሬሳው ኦሞ።

በእኛ ጊዜ ነገሩ የተለወጠው ሰው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ አሠራር ስለተበጀለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽንና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በጋራ የሚያስተዳድሩት የቢጫ ወባ ክትባት መጠባበቂያ ክምችት አለ። ክትባቱ ቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል። ወረርሽኝ የተነሣበት አገር ያመለክታል፤ ኮሚቴው በሁለት የሥራ ቀናት ገደማ ይወስናል። ጥያቄው አንድ ነው፦ በሽታው የት ነው? ከረጢትህ ስንት ይይዛል የሚል ጥያቄ የለበትም። ለወላይታ ከ1 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶዝ በላይ የተፈቀደው በዚህ መንገድ ነው። ክምችቱ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. አንጎላና ኮንጎ ሲመቱ አልበቃ ብሎ ኪንሻሳ ላይ አንዱን ዶዝ ለአምስት ሰው እያካፈሉ ሰጥተዋል። ግን አካፈሉት እንጂ ዋጋ አላስጨመሩበትም።

በኮሮና ጊዜ ይህ አልሠራም፤ ምክንያቱም ቢጫ ወባ ሀብታሙን አያሰጋውም፣ ኮሮና አሰጋው። መጠባበቂያው የሚሠራው ባለገንዘቡ ለራሱ በማይፈልገው ክትባት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ለሚቀጥለውም ወረርሽኝ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን መጠበቃችን ነው።

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የወረርሽኝ ስምምነት ጸድቋል። አምራቾች ወረርሽኝ ሲነሣ ከሚያመርቱት 20 በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሹን በነፃ እንዲሰጡ የታሰበበት ነው፤ ዝርዝሩ ግን ለሌላ ድርድር ወደ አባሪ ተገፍቶ ነበር። እኔ ዲፕሎማት አይደለሁም፣ ብልቃጥ ነው የማውቀው። ብልቃጥ እንደሚያውቅ ሰው ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ እላለሁ፤ መቶኛው ብቻ ሳይሆን ቀኑም ይጻፍ። ሃያ በመቶው ከመጀመሪያው ወር ምርት ነው ወይስ ከአሥራ ስምንተኛው ወር? ስንት ወር ዕድሜ ቀርቶት ነው ቦሌ የሚደርሰው? ከቦሌ ሶዶ፣ ከሶዶ ገሱባ፣ ከገሱባ በሞተር፣ ከሞተር በእግር ነው ክትባት የሚጓዘው፤ አራት ሳምንት የቀረው ብልቃጥ መንገድ ላይ ነው የሚያረጀው። ስድስት ወር ያልቀረው ክትባት እርዳታ ተብሎ አይመዝገብ። ለሰጪው በቁጥር ይጻፍለታል፣ ማቃጠያው ግን የእኛ ነው።

ለራሳችንም አንድ ቃል አለኝ። ቢሾፍቱ ላይ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከአምሳ ዓመት በላይ ለከብቱ ክትባት ሲያመርት ኖሯል። የክፉ ቀንን ረሃብ ያመጣው የከብቱ ደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፋ ሲባል የእኛም ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። ለበሬው የሚሠራ አገር ለባለ በሬው ከውጭ ይለምናል። መንግሥት የሰው ክትባት ለማምረት ተነሥቻለሁ ካለ ሰንብቷል፤ ደግ ነው፤ ፋብሪካ ግን ለወረርሽኝ ብቻ ተገንብቶ አይኖርም። ሞደርና ኬንያ ላይ 500 ሚሊዮን ዶላር አፈስበታለሁ ያለውን ፋብሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ያቆመው ፈላጊ ጠፋ ብሎ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2040 ከምንጠቀመው ክትባት 60 በመቶው እዚሁ ይመረታል ብሏል፤ ታዲያ በሰላሙ ጊዜ የሕፃናቱን ክትባት ከጎረቤት ፋብሪካ በጥቂት ሳንቲም አስወድደን ለመግዛት ካልቆረጥን፣ በክፉ ቀን የሚደርስልን ፋብሪካ ከየት ይመጣል? ዳካር ያ ደም የተመረመረበት ኢንስቲትዩት የቢጫ ወባ ክትባትም ያመርታል። የዓለም ጤና ድርጅት ብቁ ካላቸው አራት አምራቾች አንዱ ነው። የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ አንደኛው ጆሮዬ ወደ ደቡብ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ታወጀ፤ መናገሻዋ ሶዶ በሆነችው በዚህችው ክልላችን። ቫይረሱ በ1967 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጂንካ ሲደርስ ፈቃድ ያገኘ ክትባት አልነበረውም። ያቺ ብልቃጡን ይዛ የጠየቀችኝ ልጅ ያን ሰሞን ስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ክትባት አለው እንዴ?» አለችኝ። ሙከራ ላይ ያለ እንዳለ ነገርኳት። «ሙከራ ላይ» አለችና ዝም አለች።

መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ካርዶች አሉኝ። ቢጫው የ2011 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ፊርማ፣ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሌላው የኮሮና ነው። ሁለተኛ ዶዝ በሚለው መስመር ላይ በእስክሪብቶ አንድ ቀን ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከአጠገቡ ሌላ ቀን ተጽፎ እርሱም ተሰርዟል፤ ሦስተኛው ለመጻፊያ ቦታ ስላልነበረው ወደ ጎን ጠርዙ ላይ ተጽፏል።